ከኩሽናው በር ላይ ያለው ፖስተር

እኔ ድሮ የታተሙ የፈረንሳይ ኤግዚቢሽን ፖስተሮች እሰበስባለሁ። ያውም ካምፓላ ተቀምጬ። ባለቤቴ "ያለፈበት ማስታወቂያ ይዘህ የት ልትገባ ነው?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ኤግዚቢሽኑ የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው።

ቡጎሎቢ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሦስት ተሰቅለዋል፤ ሦስቱም አንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ በየዓመቱ ታዘጋጅ ለነበረው የሸክላ ሥራ ኤግዚቢሽን የታተሙ ናቸው። አራተኛውን ስፈልግ ስንት ዓመት ባከንኩ። በመጨረሻ የት ባገኘው ጥሩ ነው? ካባላጋላ ሰፈር፣ ምሳ የምበላበት ያበሻ ምግብ ቤት፣ የኩሽናው በር ላይ። እትዬ ብዬ የምጠራቸው የቤቱ ባለቤት፣ አገሩ የገባ ፈረንሳዊ ደንበኛቸው የተወላቸውን ፖስተር የበሩን ስንጥቅ ሸፍነውበታል። በፕላስተር ለጥፈው። አንጀቴ እርር አለ። አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ በአጉሊ መነጽር መረመርኩት፤ አዲስ ቅጂ ቢሆን ቀለሙ ነጠብጣብ ይሆን ነበር። አንድም ነጠብጣብ የለውም፤ ኦሪጅናል ነው።

መጠየቁ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። "የበርዎን ወረቀት ይስጡኝ" ይባላል? ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ እየበላሁ በሩን ሳይ ከረምኩ። በኋላ እትዬ ራሳቸው ነቁብኝ።

"ልጄ፣ ይሄን ነገር ወደድከው መሰለኝ። ውሰደው።"

"ኧረ በፍጹም፣ እትዬ።"

"ውሰደው ስልህ።" ፕላስተሩን ላጥ ላጥ አድርገው ጠቀለሉት።

"አይሆንም፣ ቤቱን አሳምሮልዎታል።"

እንግዲህ በኛ ወግ ሦስተኛው ግብዣ መምጣቱ አይቀርም። "በሞቴ" ይሉኛል፣ እኔም እያፈርኩ እቀበላለሁ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አጠገቤ የምትበላ ኡጋንዳዊት መምህርት ግን አማርኛ ባትሰማም ነገሩ ገብቷታል። "እሱ ካልፈለገው ለተማሪዎቼ ልውሰደው?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። እትዬ እኔን አዩ፣ እኔ ሽሮዬን አየሁ። ሰጧት።

ቦዳ ሞተር ታክሲ ላይ ልትወጣ ስትል ደረስኩባት። እያለከለክሁ ስንት ዓመት እንደፈለግሁት ነገርኳት። አዘነችልኝ።

"ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?" ብላ ጥቅሉን ዘረጋችልኝ። "እንካ፣ ያንተ ነው።"

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እጄም ተነሣ። አፌ ግን ቀደመኝ።

"ኧረ በፍጹም" አልኳት፤ "ለልጆቹ ይሁን።"

"እንዴት ደግ ሰው ነህ" ብላኝ፣ ጥቅሉን ብብቷ ሥር ወሽቃ ሄደች።