የአምኃ አየር መንገድ

አምኃ «አየር መንገድ ነው የምሠራው» ሲል ደረቱ ሁለት ጣት ወደፊት ይወጣል። አልዋሸም። ኢዞሌታ የሚባለው ድርጅት አየር መንገድ ነው፤ ሦስት አውሮፕላን አለው፣ አንዷ ዘወትር ጥገና ላይ ናት። የቀሩት ሁለቱ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ጭነው በጣሊያን ደቡብ ባሕር ካሉት ትንንሽ ደሴቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ረጅሙ በረራ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ተሳፋሪው ቀበቶውን አስሮ ሳይጨርስ ፍታ ይባላል።

የሮም ቢሮው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነው። አምኃ እዚያ ተቀምጦ ከየደሴቱ በስልክ የሚነገረውን ክብደት ይደምራል። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ሻንጣው ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይመዘናል፤ የደሴቶቹን ወይዛዝርት ኪሎ ከባሎቻቸው ይልቅ የሚያውቀው አምኃ ነው። አብዮቱ በፈነዳ በአራተኛው ዓመት ለሦስት ወር ሥልጠና መጥቶ የቀረ ሰው ነውና ለዚህም ተመስገን ይላል። ለአገሩ ልጆች ግን ዝርዝሩን አይነግርም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል የለ!

በዚያ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚላከው በሰው እጅ ነበር። በፖስታ የተላከማ ፈታሹን ሁሉ አዳርሶ የተረፈው ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የአየር መንገድ ሰው አለ ሲባል ሁሉም አደራውን ይዞ ወደ አምኃ ጎረፈ። እሱም «አሎራ፣ በዚህ ሳምንት ጭነት ሞልቷል» እያለ እንደ ሥራ አስኪያጅ ፊቱን አኮሳትሮ ይመልሳል።

ሲስተር ወለተ ሥላሴን ግን መመለስ አቃተው። መነኩሲቷ የካርቶን ጥቅል አቀበሉትና «የእናቴ የልብ መድኃኒት ነው፤ እጇ ላይ ያለው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው» አሉት።

«ቫ ቤኔ ሲስተር፣ ችግር የለም» አለ።

ይሉኝታ! እንደ እሱ ያለ ጠላት የለንም። ጥቅሉን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተና ወደ አገር ቤት የሚሄድ መንገደኛ ፈልጎ በስውር ሊልከው አሰበ። ግን መንገደኛ አለ ወይ ብሎ ሰው መጠየቅ «ያንተ አየር መንገድስ?» ያሰኛል። ዛሬ ነገ ሲል ሦስተኛው እሑድ መጣ።

ከቅዳሴ በኋላ ሲስተር በር ላይ ያዙት። «ወንድሜ ደውሎ ምንም አልደረሰንም አለኝ። ያላት ነገ ያልቃል። የት ደርሶ ይሆን?»

አምኃ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ሲስተር ይቅር ይበሉኝ። የእኛ አውሮፕላን ከደሴቶቹ አልፎ አይሄድም። መድኃኒቱ እኔ ቤት ነው ያለው።»

ሲስተር አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«የኛው ቄስ አባ ዓምደ ሚካኤል ባለፈው ማክሰኞ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ እኔ ላድርስልሽ ብለውኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አይድከሙ አባ፣ የአየር መንገድ ሰው ይዞልኛል ብዬ መለስኳቸው።»