ሸዋርካብሽ ጎንደር ገብታ የበላችው ዶሮ

ሸዋርካብሽ ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ኻዲጃ ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ስትገባ ሥጋ በአፏ አይዞርም ነበር። ሙስሊም ያረደውን የቀመሰ ክርስቲያን ከቤተሰቡ ማዕድ እንደማይቀርብ ጎንደር ሳለች ነው ከጡት ጋር የጠባችው። ድሬዳዋ ያደገችው ኻዲጃም ይህን ታውቃለችና አንድም ቀን ብዪ ብላ አላስጨነቀቻትም።

አምና ግን ሸዋርካብሽን ወባ ጣላት። ኻዲጃ የፍየል መረቅ አፍልታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ አጠጣቻት። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ዳነች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ሩዙንም ሥጋውንም ከአንድ ትሪ መብላት ለመዱ። ሸዋርካብሽ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ በዚያ ከተማ ስሟን አቆላምጦ የሚጠራት ሌላ ሰው አልነበራትም።

ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር ገባች። የነገሥታቱ ግንብ እንደ ድሮው ቆሞ ጠበቃት፤ የእሷ ዓይን ግን ከግንቡ ይልቅ የእህቷ የእፀገነት ድስት ላይ ነበር። አቤት ያ ዶሮ! ሽንኩርቱ እስኪጠፋ የተቁላላ፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ። እጇን ታጥባ ወደ ማዕዱ ስትጠጋ እፀገነት፣ «እዚያ መቼም ሥጋ አትነኪም፣ አይደል?» አለቻት።

አልነካም ማለት ምን ያቅታት ነበር? ሞኝ ናትና ውሸት አይሆንላትም። «ታምሜ ቀመስኩ። ከዚያም በላሁ» አለች።

እፀገነት አልተቆጣችም። ከወጡ በሳህን ቀንሳ፣ «የነፍስ አባታችን ጠበል እስኪረጩሽ ነው፣ እህቴ» ብላ ጥግ ላይ አስቀመጠችላት። ዶሮው ልክ እንደተመኘችው ነበር። የሚያጎርሳት ግን አልነበረም፤ እያለቀሰች በላች።

በማግስቱ ተረጭታ፣ ሙስሊም ያረደውን ሁለተኛ እንዳትበላ ተገዝታ ከማዕዱ ተቀላቀለች። ደስ አላት፤ ደስታው ግን የመመለሻዋ ቀን እስኪደርስ ነበር።

ሀርጌሳ ስትገባ ኻዲጃ ፍየል አሳርዳ፣ ትሪውን ዘርግታ ጠበቀቻት።

«ነዪ ሸዌ፤ ያላንቺ እህል አልወርድ ብሎኝ ከረመ።»

«ጾም ነኝ፣ እትዬ።»

ኻዲጃ ሳቀች። «በሰኞ ቀን የምን ጾም ነው?»

ሸዋርካብሽ አንገቷን ደፋች። ኻዲጃም ገባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አብሽሪ፣ ሃይማኖት ነው። ነገ ለብቻሽ ድስት እገዛልሻለሁ» አለቻት።

ከልቧ ነው ያለችው። ሸዋርካብሽ አመስግና ወደ ማድ ቤት ገባች። ኻዲጃም ትሪው ፊት ብቻዋን ተቀመጠች።