የወለተሥላሴ ጸሐፊ

የሺዋስ አቃቂ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ያረጀ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የሚወደው ሰኔ ሠላሳን፣ የንብረት ቆጠራውን ቀን ነበር። ያን ቀን ወለተሥላሴ ከሒሳብ ክፍል ትመጣለች። እሷ እየቆጠረች ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል። ድምፅዋን ደጋግሞ ለመስማት ሆን ብሎ ይዘገያል።

«ጻፍ እንጂ የሺ! ተኛህ እንዴ?» ትለዋለች።

ዘንድሮ ማህሌት የምትባል አዲስ ኦዲተር መጣችና ገና ከበሩ፣ «ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ራሱ አይቆጥርም፣ አይጽፍም» አለች። መጻፉ ለሽያጭ ክፍሉ ልጅ ለዮሚፍ ተሰጠ። የሺዋስ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቀረ። ከካርቶኖቹ ጀርባ የወለተሥላሴ ድምፅ መጣ።

«ጻፍ እንጂ! ተኛህ እንዴ?»

ያንኑ ቃል! ዮሚፍ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

የሺዋስ ግን አንድ ተስፋ ነበረው። ጥግ ያለውን የነጭ ክር ክምር ሲደረድር፣ ክረምት ስለሆነ አየር እንዲገባው መሃሉን ክፍት ትቶ ከላይ ሸፍኖታል። ከውጭ ላየው ሙሉ ነው። ከእሱ ሌላ ይህን የምታውቀው ወለተሥላሴ ብቻ ናት፤ እሷም ለሌላ ሰው አትናገርም ብሎ አሰበ። ጎኑንና ቁመቱን አባዝተው ከጻፉ ይሳሳታሉ፤ ኦዲተሯ ዮሚፍን ታባርረዋለች፣ የሺዋስም ወደ ጸሐፊነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ስለ ክፍተቱ አልነገራቸውም።

ማህሌት ቆጠራውን ለመፈተን ያንኑ ክምር መረጠች።

«እኔ ሳባዛው መቶ ሃያ ካርቶን ነው። እናንተ መቶ አሥራ አራት ብላችኋል። ስድስቱስ?»

«መሃሉ ባዶ ነው» አለ ዮሚፍ። «ጋሽ የሺዋስ ክረምት ሲገባ እንደዚያ ነው የሚደረድሩት። ወለተ ነግራኝ ነው።»

ወለተ! የሺዋስ ይህን ሁሉ ዓመት አሳጥሮ ጠርቷት አያውቅም።

የላይኞቹ ካርቶኖች ወርደው ክፍተቱ ታየ። የመጋዘኑ የዕቃ መመዝገቢያ ካርድም መቶ አሥራ አራት ይላል።

«እንዲህ ነው መቁጠር!» አለች ማህሌት። «ለከርሞም እናንተው ሁለታችሁ ናችሁ።»

ሲወጡ የሺዋስ ወለተሥላሴን በሩ ላይ አስቆማት።

«ለእሱ ነገርሽው?»

«ምን ላድርግ የሺ? ሳንናገር ባዶውን ቢያገኙት፣ ሙሉ ለማስመሰል ነው ብለው አንተን ነበር የሚይዙህ።»

«ለእሱ ግን ነገርሽው» አለና ቁልፉን አዞረ።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የሺዋስ ክምሩን ብቻውን አፍርሶ እንደገና ደረደረው። መሃሉን በካርቶን ጠቀጠቀው፤ ከእንግዲህ ለማንም የሚነገር ክፍተት የለም። ክሩ ከታፈነም ይታፈን።