አክስቴ ያላለችው

ይህን ለእማዬ አልነገርኩም፣ ለአባዬም አልነገርኩም። ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ በስሙ አልጠራውም። ዘንድሮ በአማርኛ መጻፍ ቀንቶኛል፤ ቃላቱ እሺ ሲሉኝ ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን እስቃለሁ። ዛሬም የተቀመጥኩት ስለ ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር። ግን እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣው እሱ ነው። እነሳለሁ፣ በረንዳ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፤ እዚያው ይጠብቀኛል። ኸላስ፣ በቃ፣ እናንተው ስሙኝ።

አክስቴን ሰዓዳን ለሞት ያቀረብኳት እኔ ነኝ።

የአባቴ እህት ናት። ከደሴ መጥታ ኒው ካይሮ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። እመቤቷ በጣት እያመለከተች ስለምታዛት ዐረብኛዋ «ይቅርታ፣ ግድ የለም» ከሚሉባት ከ«ማሌሽ» አላለፈም። የማህፀን እጢ ተገኘባትና ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ተደረገች። አባዬ ናስር ሲቲ ያስተምራል፣ እማዬ ሰው ቤት ትውላለች፤ የእኔ ትምህርት ቤት ደግሞ ለእረፍት ተዘግቷል። ስለዚህ ቀን ቀን አስታማሚዋም አስተርጓሚዋም እኔ ሆንኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ሽንቷ በቱቦ ወደ አንድ ከረጢት ይወርዳል። ነርሷ ቱቦውን በዐረብኛ «አስታራ» ስትለው አክስቴ ሰማች።

«ማንን ከማን ሊያስታርቅ ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እትዬ፣ ስፌቱ ይፈታል!»

«ይፈታ! ልሳቅበት ተይኝ።»

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበረች።

በማግስቱ ሐኪሙ መጣ። «ጠይቂያት» አለኝ፣ «እስከ መጸዳጃ ቤት በእግሯ መሄድ ትችላለች? ከቻለች ቱቦውን አሁኑኑ አወጣዋለሁ። ሳያስፈልግ በቆየ ቁጥር ጀርም ይዞ ይገባል።»

ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ገብቶኛል።

ጠየቅኳት። «ኧረ እሄዳለሁ! ይሄን ጉድ ንቀሉልኝ በያቸው። ትከሻሽን ትሰጪኛለሽ፣ ቀስ እያልን እንሄዳለን» አለች።

ትከሻዬን! እኔ ደግሞ ሂንድ ነበረችኝ፤ አጠገባችን የተኛችው ሴትዮ ልጅ። ከሰዓት በኋላ ነርሶቹ ክፍል ገብተን ተከታታይ ድራማ እናያለን። ቱቦው ካለ አክስቴ አትጠራኝም። ከወጣ ግን ድራማውን አቋርጬ፣ ወገቧን ይዤ፣ ያን ሁሉ ኮሪደር ሰው እያየን ልንጎተት ነው፤ ያውም ወደዚያ ወደሚሸተው ሽንት ቤት። ይህን ሁሉ ለማሰብ ምን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ? ምንም። ትንፋሽ አልሞላም።

«ያዞረኛል፣ መሄድ አልችልም ትላለች» አልኩት በዐረብኛ።

ትላለች! ማን ነው ያለው? እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ አላለችም።

«ማሌሽ፣ እንግዲያው ይቆይ» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«ትንሽ ቢቆይ ላንቺ ይሻላል አሉ።»

«እሳቸው ካሉ ይሁን፤ ተምረው የለ» አለችና ትራሷን አስተካከለች።

በአንድ አፍ፣ በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ። የሚቀጥለው ቀን ጁምዓ ስለነበር ሐኪሙ አልመጣም። ስለ ቱቦው የጠየቀ የለም። እኔም ረስቼው ነበር። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ አልረሳሁትም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከድራማው ስመለስ አክስቴ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደፍርሷል። ስጠራት እኔን ትታ ደሴ የሞተችውን እናቷን ታናግራለች። ነርሷን እየጮህኩ ጠራኋት፤ ሮጠው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዷት።

አባዬ ሲደርስ ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ከሽንቷ አልፎ ደሟ ውስጥ መግባቱን ነገረው። «ቱቦውን ላወጣው ነበር፤ መሄድ አልችልም ያለችው ራሷ ናት» አለው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «አይ ሰዓዳ! ፈርታ ነው» አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እጄን ይዞኛል። አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ፣ አሁን! አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ልቅሶ ነው። አባዬ እቅፍ አድርጎ አባበለኝ። እኔን!

በመስታወት እያየናት ከረመች፤ አላህ መለሳት። ግን አንዱ ኩላሊቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ወደ ሥራዋም አልተመለሰችም። አሁን አይን ሻምስ ሰፈር እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ደረጃ ስትወጣ ቆም እያለች ታርፋለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እኔን እያሳየች፣ «ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? አፌ እኮ ነበረች» ትላለች። እኔም ሻይ ቀጂ መስዬ ወደ ኩሽና እሸሻለሁ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅ ነበርኩ። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቀው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። ማንም ሊያርማት አይችልም። ይህንንም ታውቅ ነበር።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ይህን እኔው ራሴ ላነብላት ነው፤ አሁን፣ እሷ ሶላቷን ስትጨርስ። «አፉ በይኝ» የሚለውን አልጻፍኩበትም። አውቃታለሁ፤ ያንን ከሰማች ቀሪውን ሳትሰማ «አፉ ብያለሁ፣ ተይው» ትለኛለች። እንድትተወው አልፈልግም። አንድም ቃል ሳልቀይር እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ፤ ከዚያ የምትለውን ትበል።

መስገጃዋን እያጠፈች ነው።