የጀናዛ አጣቢዋ ምስክርነት

እትዬ ኡምኩልሱም የመካነ ሰላምን ሙስሊም ሴቶች ጀናዛ ማጠብ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይመጣሉ፣ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ የሚያለቅሰውን ሁሉ «ውጡ! ውጡልኝ! ለቅሶው ደጅ ነው» ብለው ያባርሩና በሩን ይዘጋሉ። አጥበውና ከፍነው ሲወጡ ስላዩት ገላ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። የአጣቢ ደንቡ ይኸው ነው፤ በሟች ገላ ላይ የታየ ነውር እዚያው ይቀራል። «የኡምኩልሱም ሆድ እኮ መቃብር ነው» ይላል ከተማው። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ምን ይደበቃል፣ ይኮሩበታል!

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግን ይህ ኩራታቸው ክፉኛ ተፈተነ።

ጎረቤታቸው ሃሩን ጨርቅ ነጋዴ ነው። ትልቋ ልጁ ሀያት ጅዳ አምስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች፤ ኒካዋ ሊታሰር ሁለት ወር ቀርቶታል። በዚህ መሀል የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ሴቶቹን ሰብስባ ጡታቸውን እንዴት እንደሚዳስሱ ስታስተምር፣ ሀያት ግራ ጡቷ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር አገኘች። እንደ አጋጣሚ የጡት ካንሰር በቤተሰብ እንዴት እንደሚወረስ የምታጠና ዶክተር እታገኘሁ የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሀያትን አየቻትና ወደ ቤታቸው ሄደች።

«በመርፌ ናሙና ልውሰድና አዲስ አበባ ይመርመር» አለች ሃሩንን። «በቤተሰባችሁ በጡት በሽታ የሞተች ሴት አለች?»

ሃሩን ቱግ አለ። «በእኛ ዘር? አስተግፊሩላህ! ዘሬን ልቁጠርልሽ?» አለና ከአባቱ ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት ሳይተነፍስ ወረደው። ዶክተሯ ሁሉንም ጻፈች።

«እነዚህ ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹማ ተድረው ሄዱ! እናቴን ምች መታት፤ ሁለቱ እህቶቼም በሆድ ሕመም ነው የሞቱት። ልጄን የያዛት ቡግንጅ ነው። ሰርጓ ደርሶ ሳለ ካንሰር አለባት የሚል ወሬ አላስወራም። መርፌ የሚባል አይነካትም!»

የዶክተሯ መኪና በማግስቱ ማታ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሀያት አቀርቅራ ታለቅስ ነበር።

እትዬ ኡምኩልሱም ለቡና መጥተው ከጥግ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ሃሩን እንዳልዋሸ ያውቃሉ። እዚህ አገር የትኛዋ ሴት ናት የጡቷን ቁስል ለወንድ ልጇ ወይም ለወንድሟ የምታሳይ? እሳቸው ግን የእናቱን የዘይነባንም የሁለቱን እህቶቹንም ገላ በእጃቸው አጥበዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ጠዋት የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሙሐመድአሚን ቤት ሄዱ።

«ሼህ፣ ላስፈቅድዎ አልመጣሁም፤ ላሳውቅዎ ነው። የሟች ምስጢር ላወጣ ነው» አሉና ነገሩን ዘርዝረው ነገሯቸው።

ሼሁ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ መች አስፈቅደሽ ታውቂያለሽ! ደብቁ የተባለው ነውርን ነው። ሕመም ምን ነውር አለው? ልጅቷ በሕይወት አለች። ሂጂ፣ አትቁሚ!»

ዶክተሯን ከእንግዳ ማረፊያው ይዘዋት ሃሩን ቤት ገቡ።

«አንተ ሃሩን፣ ቁጭ በል። እናትህን ማን አጠባት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ምች ጡት አይበላም። የዘይነባ ግራ ጡት ተበልቶ አልቆ ነበር። ቁስሉን በጥጥ ሞልቼ ነው የከፈንኳት። እህቶችህም ልክ እንደሷው ነበሩ።»

«እናቴ? አንድ ጣሪያ ስር እየኖርን?»

«ካንተ እኮ ነው የደበቀችው፣ የኔ ልጅ!»

«ቢሆንስ! እኔ ወንድ ነኝ» አለ ሃሩን። «የእናቴ የጡት በሽታ በየት በኩል ልጄ ጋ ይደርሳል?»

«እንዲህ ያለው በዘር ይወረሳል» አለች ዶክተሯ። «አባት ራሱ ሳይታመም ከእናቱ ተቀብሎ ለልጁ ሊያወርስ ይችላል።» ለሴቶቹ ክብ፣ ለሃሩን አራት ማዕዘን ሣለች። ሦስቱን ክቦች አጠቆረቻቸው፤ ከዘይነባ ተነስታም በሃሩን በኩል እስከ ሀያት ድረስ መስመር አሰመረች። ሃሩን ወረቀቱን ብዙ አየው። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«ይዘሻት ጓዳ ግቢና ናሙናውን ውሰጂ» አላት ዶክተሯን በመጨረሻ።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ካንሰር ነው፤ ግን ገና አልተሰራጨም። ሀያት አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምናም መድኃኒትም ተደረገላት። ስትመለስ ከስታለች፣ ፀጉሯ አልቋል፤ ሐኪሞቹ ግን ተስፋ ሰጥተው ነው የላኳት። እጮኛዋም፣ ይባርከው፣ «ኒካው ይቆይ እንጂ አይቀርም» ብሎ ጠብቋታል። ከተማው እትዬ ኡምኩልሱምን አመሰገነ። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው «ታዲያስ!» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሀያት ብቻዋን ቤታቸው መጣች።

«አያቴን ያጠቡ ቀን ተናግረው ቢሆን ኖሮ፣ አክስቶቼ ይተርፉ ነበር?»

እትዬ ኡምኩልሱም የአላህ ሥራ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም።

«ታናሿ ትተርፍ ነበር» አሉ። «ሐሊማ ያኔ ገና ጤነኛ ነበረች። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።» እንባቸው ወረደ። ሀያት አይዞዎት አላለቻቸውም። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«ሌላስ እንዲህ ያለ ቁስል የነበረባት፣ ሴት ልጅ ትታ የሞተች አለች?»

እትዬ ኡምኩልሱም ዓይናቸውን ጨፍነው የሠላሳ ዓመት ጀናዛ አንድ በአንድ አስታወሱ።

«አሉ» አሉ። «በሦስት ቤት።»

«ሻርፕዎን ይልበሱ።»

ተያይዘው ወጡ። መጀመሪያ የደረሱት ከገበያው በላይ ያለው ቤት ነው። አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ በሩን ከፈተች፤ ጀናዛ አጣቢዋን ስታይ ክው አለች።

«ማን ሞተብኝ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ» አሉ እትዬ ኡምኩልሱም። «ስለ እናትሽ የምነግርሽ ነበረኝ፤ ዘገየሁ።»