የዳኘው ጀርመን

ዳኘው በባሕር ዳር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ አስተማሪ ነበር። በደርግ ዘመን ንግድ ማስተማር በሑዳዴ ስለ ቅቤ ከመስበክ ብዙም አይለይም። ጠዋት በሰልፍ ሜዳ ላይ ነጋዴ በዝባዥ፣ ነጋዴ ደም መጣጭ እየተባለ ሲወገዝ ይረፍድና፣ ደወል ሲደወል ዳኘው ጠመኔውን ይዞ ገብቶ ሒሳብ አያያዝ ያስተምራል። «ትርፍ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ የማድረግ ልማድ ነበረው። ተማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቃሉ ሲመጣ አብረውት አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይፋግ የተወለደ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ሱሪውን ፍራሽ ሥር አንጥፎ የሚተኩስ፣ ሰው የሚያከብር፣ አበደረኝ አላበደረኝም ብሎ ከማንም ጋር ተካሶ የማያውቅ። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ ስሙ ሲነሣ ደስ ይለዋል። ስሙን አንሥቶ ያመሰገነውን ሰው ጠላቱም ቢሆን ቤቱ ወስዶ ያበላል። ሚስቱ የብርጓል፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጸሐፊ ነበረች፤ ይህን በሽታውን ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ስታስታምም ኖራለች።

በሽታው የባሰበት በ1975 ዓ.ም. ነው። የዲሞክራቲክ ጀርመን አንድ የንግድ ትምህርት ቤት እህት ትምህርት ቤት ሊሆናቸው ነው ተባለ። ስምምነቱ የልምድ ልውውጥ ይባላል፤ ከዚህ አንድ አስተማሪ ሄዶ ሦስት ወር ይቆያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እነሱ ይመጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ጓድ ደሞዝ ዕቅድ ሳይሞላ ከሚያድር ሆዱ ሳይሞላ ቢያድር የሚመርጥ ሰው ነበር። ስብሰባ ጠርቶ፣ ከብዙ ንግግር በኋላ፣ ዳኘው እንዲሄድ ተወሰነ። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ የተጻፈው «የነቃና የበቃ በመሆኑ» የሚል ሲሆን፣ እውነቱ ግን ከንግድ ክፍሉ አስተማሪዎች መካከል ሙሉ ልብስ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ሽኝቱ በቅበላው ሰሞን ሆነ። ባሕር ዳር እንዲያ ያለ ሽኝት አይታ አታውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትምህርት ቤቱ በሬ ጣለ፣ ዕድሩ ጠላ ጠመቀ፣ ቀበሌው ሊቀ መንበሩን ላከ። ጓድ ደሞዝ፣ ዳኘው ከጀርመን የንግድ ዕውቀትን እንደ ችቦ ለኩሶ እንደሚመጣ ተናገረ። ካህናቱ መረቁት። አንዷ ድርቆሽ፣ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ሽሮ በየከረጢቱ ቋጥራ አመጣችለት፤ ሊቀ መንበሩ የጫማውን ቁጥር ነገረው፣ የዕድሩ ዳኛ መነጽር እንዲያመጣላቸው አደራ አሉት። የዳኘው ስም በዚያች ቀን እሱ ከሚችለው በላይ ተነሣ። እንባው መጣ፤ አለቀሰም።

አዲስ አበባ ሲደርስ በሚኒስቴሩ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጸሐፊ ቀና ብሎ ሳያየው ጉዞው ተላልፏል አለው። እስከ መቼ ብሎ ጠየቀ። እስኪነገርህ አለው። ለምን ብሎ ለመጠየቅ ጉሮሮውን ሲጠርግ ጸሐፊው ለምሳ ወጣ። ዳኘው ከርሞ ጥጃ እንደሚባለው ሳምንቱን ሙሉ ወደዚያው ክፍል ተመላለሰ፤ የሚነግረው አልተገኘም። ጀርመን እንዲሁ እንደዋዛ ቀረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመልሶ «ቀረ» ይላል፤ አለቀ። እኛ ዘንድ ግን የተሸኘ ሰው አይመለስም። በሬ ታርዶለት፣ ተመርቆ፣ ድርቆሽ ተቋጥሮለት በሳምንቱ የሚመለስ ሰው ምን ብሎ ነው የሰው ዓይን የሚያየው? ከሬሳ ሳጥን ተነሥቶ «ይቅርታ፣ አልሞትሁም» ከማለት ምን ይለያል? ዳኘው ይህን አሰበ። ከዚያም በሕይወቱ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ደፋሩን አደረገ፤ ከጣና ማዶ ደልጊ ሄዶ ለመደበቅ ወሰነ። እዚያ አጎቱ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ አሉ።

ችግሩ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስደው የጎንደር አውቶቡስ በባሕር ዳር ማለፉ ነበር። ዳኘው ጋቢውን ከራሱ እስከ እግሩ ተከናነበ። አውቶቡሱ ባሕር ዳር ላይ ለምሳ ሲቆም እሱ ከነጋቢው ውስጥ ቀረ። አጠገቡ የተቀመጡ እናት ወባ የያዘው መስሏቸው ነጭ ሽንኩርት አላምጠው ሊያጎርሱት ሲታገሉ፣ በመስኮቱ በኩል ጓድ ደሞዝ ከሊቀ መንበሩ ጋር እየተሳሳቀ ሲያልፍ አየ። ነጭ ሽንኩርቱን ዋጠው። ከጎንደር ጎርጎራ ወረደ፣ ከጎርጎራ በጀልባ ደልጊ ገባ።

አጎቱ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙት። በኋላ፣ እግዜር በሰጠው ጀርመን ይቀመጥ ብለው የጓዳውን ጥግ ለቀቁለት። ሑዳዴውን በሙሉ ከአጎቱ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ፣ ኪዳን እያስደረሰ፣ ቅዳሴ እየቆመ ከረመ። በልጅነቱ እንኳ እንዲያ ጾሞ አያውቅም።

የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው የአጎቱን ሚስት ውዴን እያየ ነበር። ውዴ የገበያ ሰው ናት። የመንደሩ ሴቶች በገበያ ቀን ሁሉም ገበያ አይወጡም፤ ሽምብራውን፣ ዕንቁላሉን፣ የደረቀውን ዓሣ ለውዴ ያስረክባሉ። እሷ ዋርካው ሥር ተቀምጣ በአንድ ዋጋ የሁሉንም ትሸጣለች። ማታ እየመጡ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ዕቃዋ ሳይሸጥ ያደረባት ሴት ካለች በሚቀጥለው ገበያ የእሷ ይቀድማል። ወረቀት የለም፣ ጠብም የለም። ይህ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ደልጊ ውስጥ ማንም እንደ ዕውቀት አይቆጥረውም።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ዳኘው ጎንደር ገብቶ ለሊቀ መንበሩ ጫማ፣ ለዕድሩ ዳኛ መነጽር፣ ለየብርጓል የአንገት ልብስ ገዛ። የተሠሩበትን አገር ስም በምላጭ ፋቀ። ባሕር ዳር ሲገባ በእልልታ ተቀበሉት። የንስሐ አባቱ ግን እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱትና፣ በሑዳዴ የእርያ ሥጋ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት። ጀርመን ሄዶ አልበላሁም ቢል ማን ያምነዋል? አንገቱን ደፋ። ሰውየው በዕድሜው አጥብቆ ለጾመው አንድ ጾም ስግደት ተሰጠው፤ ሰገደም።

አሁን የልምድ ልውውጡን ሪፖርት ማቅረብ ነበረበት። መምህራኑና ተማሪዎቹ በአዳራሽ ተሰበሰቡ። ዳኘው መድረኩ ላይ ሲወጣ ስለ ጀርመን የሚያውቀው ብርድ እንዳለ ብቻ ነበር። ከብርዱ ጀመረና ሲጨንቀው፣ የጀርመን የንግድ ተማሪዎች ሱቅ አላቸው አለ። እንዴት ይሠራሉ ሲባል ውዴ ትዝ አለችው። ሁሉም ምርቱን ለአንዱ ያስረክባል አለ፤ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፣ ማታ ይካፈላሉ፣ ያልተሸጠለት በሚቀጥለው ይቅደም ይባላል። ዋርካውን ብቻ አስቀረው። ጓድ ደሞዝ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ይህ የሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ንግድ ነው አለ። በወሩ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተማሪዎች ሱቅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ቆሎ እያመጡ ለአንዷ ያስረክባሉ። በሩ ላይ «በጀርመን ዘዴ የሚሠራ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ።

ይባስ ብሎ ሱቁ ሠራ። ከአውራጃው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያዩት መጡ። ከማክሰኝት ድረስ የመጡ አስተማሪዎች የጀርመን ዘዴን ጽፈው ሄዱ። እናቶቻቸው ሲሠሩት አድገው፣ የእናት ስለሆነ ንቀውት፣ የፈረንጅ ነው ሲባል እርሳስ ቀርጸው ጻፉት። ዳኘውም ሲናገረው ሲናገረው ውሎ አድሮ የጀርመንን ተማሪዎች ፊት በዓይኑ ማየት ጀመረ፤ ከመካከላቸው የአንዷ ስም እንኳ ጠፋብኝ እያለ ይጨነቅ ነበር።

በጥር ወር ጓድ ደሞዝ እየሮጠ መጥቶ የምሥራች አለው፤ ጀርመኖቹ ሊመጡ ነው፣ የሚመጣውም ራሱ ርዕሰ መምህራቸው ጓድ ኩርት ነው። ዳኘው በዚያች ቀን ምሳ አልበላም። በሰው ፊት «ይህን ሰው አላውቀውም» ሲባል ታየው። ከዚያ በኋላ ስም የለም። ባሕር ዳር ውስጥ ውሸታም ተብሎ መኖር ለእሱ ከመታሰር ይብሳል፤ መታሰሩም ቢሆን አይቀርለትም። እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ወባ ያዘኝ ብሎ ተኛ።

የብርጓል ለሥራ ለብሳ ከአልጋው አጠገብ ቆመች። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

«ተነሥ እንጂ» አለችው። «አንተን የሚያውቅ ጀርመን የለም፤ ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

እሷ ሱሪውን ከፍራሹ ሥር አውጥታ ሰጠችውና ሥራ እንዳይረፍድባት ወጣች። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ የሚጠይቅበት ጉልበት አላገኘም፤ ለብሶ ሄደ።

ግቢው በባንዲራ አጊጧል። ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል፣ የወላጆች ተወካዮችም ነጠላቸውን አጣፍተው ጥላ ሥር ቆመዋል። ጓድ ኩርት ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው ነው፤ አስተርጓሚውን አስከትሎ ከላንድሮቨር ወረደ። ጓድ ደሞዝ የዳኘውን ክርን ይዞ ወደፊት ገፋውና፣ ጓድ ዳኘውን መቼም ለእናንተ አላስተዋውቅም አለ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ጀርመኑ ዳኘውን አየው። ዝምታው ዳኘው ጸሎት ጀምሮ እስኪያቋርጥ ቆየ።

ከዚያ ኩርት እጆቹን ዘርግቶ አቀፈው።

«ተማሪዎቻችን እስከ ዛሬ ያነሡሃል ይላሉ» ብሎ አስተርጓሚው ተረጎመ። «ያስተማርካቸውን አልረሱትም ይላሉ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። የዳኘው እጅ በጀርመኑ እጅ ውስጥ ነበር፤ ጀርመኑ ከእሱ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መዳፉም በላብ ርሷል። ዳኘው ቀና ብሎ ዓይኑን አየና ያን አስተያየት አወቀው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አስተማሪ የሚያይበት ዓይን ነው። ለካስ ጀርመንም ሪፖርት አለ። የእኛዎቹ «ልከናል» ብለው ጽፈዋል፣ የእነሱዎቹ «ተቀብለናል» ብለው ጽፈዋል፣ ሁለቱም ዕቅዳቸውን ሞልተዋል። ምስኪኑ ኩርት ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው፣ ያልመጣው እንግዳ አፉን እንዳይከፍትበት እየፈራ ነው። ዳኘው አዘነለት። አጥብቆ አቀፈው፣ ስለ ብርዱም ጠየቀው።

ወደ ሱቁ ወሰዱት። ኩርት ማንጎውን አየ፣ ቆሎውን አየ፣ ዘዴው ሲብራራለት በየመሀሉ ራሱን ነቀነቀ። ልክ እኛ እንደምናደርገው ነው አለ። ከወላጆቹ ጥቂቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ዳኘው ከፀሐዩ የተነሣ መሰለው። እንግዳው ጣና ዳር ምሳ በልቶ፣ ስምምነቱ ታድሶ፣ በሚቀጥለው የሚሄደው አስተማሪ ስም በዚያው ተነገረ፤ የታይፕ አስተማሪዋ ሙሉነሽ ናት። ዳኘው ያን ማታ ቤቱ ሲገባ መሬት አልበቃው አለ። ድኛለሁ፣ ስሜም ድኗል አለ በልቡ።

በሳምንቱ ሙሉነሽ ቤቱ መጣች። ገና ወጣት ናት፤ ዳኘውን እንደ ታላቅ ወንድም ታከብረዋለች። ሽኝቷ እሑድ ነው። ዳኘው ስለ ጀርመን ምክር ልትጠይቅ እንደመጣች ገምቶ ወንበሩን አመቻቸና ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ቆየች።

«ጋሼ ዳኘው» አለች በመጨረሻ፣ «ደልጊ ያሉት አጎትዎ ቤት ለሴት የሚሆን ማደሪያ ይኖር ይሆን? እኔንም መቼም የሚልኩኝ አይመስለኝም።»

ዳኘው ማን ነገረሽ ሲላት፣ የደልጊ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በመርከብ ለገበያ እንደሚመጡ ነገረችው። ሲመለስ እሱ ጎርጎራ ሳይደርስ ወሬው ባሕር ዳር ደርሷል። ጓድ ደሞዝ ያውቃል። የዕድሩ ዳኛ ያውቃሉ። መነጽሩን ሲቀበሉ መርቀው የተቀበሉት እያወቁ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስለ ብርዱ ሲናገር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጀርመኑን ሲፈራ እንኳ እንዲህ አላፈረም።

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?» አላት።

«ሽኝቱን በልተን የለ እንዴ፣ ጋሼ» አለች ሙሉነሽ፣ ግራ የተጋባች ሳትመስል። «በልተን፣ መርቀን ስናበቃ፣ አልሄዱም እንዴት እንበልዎ?»

የብርጓል ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ዳኘው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ከዚያ የደልጊው ጓዳ ጠባብ ቢሆንም ውዴ ሰው አክባሪ መሆኗን ነገራት፤ ማታ ማታ ትንኝ ስለሚያስቸግር አጎበር ይዛ እንድትሄድም መከራት። ስለ ጀርመን የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።