የ«ሳ» እና የ«ሻ» ተራ

ቤተሰቡ «ጆሮ» ይላታል። ሰው ሲያወራ ወሬውን ትታ አነጋገሩን ስለምታዳምጥ የወጣላት ስም ነው። ኮሌጅ ውስጥ የቋንቋ ድምፆችን ታስተምራለች። የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ የሆነው ታናሽ ወንድሟ በሥራዋ መቀለድ ይወዳል። «እታለም፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያወጣውን ነገር አንቺ ምኑን ነው የምታስተምሪው?» ይላታል። እሷም ስቃ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ይኸው ወንድሟ ፊቱን አጥቁሮ ቤቷ መጣ። የአራት ዓመት ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ «እልኸኛ» ተብላለች። ሳሙናን «ታሙና»፣ ሱሪን «ቱሪ» ትላለች። ይህስ የልጅ አፍ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሻማን ግን «ሳማ»፣ ሹራብን ደግሞ «ሱራብ» ነው የምትለው። መምህሯ «ሳማ ማለት የቻለች ልጅ ሳሙና ማለት እንዴት ያቅታታል? አውቃ ነው» አለች። ልጅቷም ሳሙና በይ በተባለች ቁጥር ስታለቅስ ከርማ፣ ጭራሽ አፏን ዘግታ መዋል አመጣች።

«መምህሯ እውነቷን እኮ ነው» አለ ወንድሟ። «እልኋ የእናቷ ነው።»

«ልጅቷን ነገ አምጣልኝ። እልኋ የማን እንደሆነ ኋላ እንከራከራለን።»

በማግሥቱ ጆሮ ምንጣፍ ላይ ዕቃ ደርድራ ከልጅቷ ጋር ተቀመጠች። ልጅቷ እያነሳች «ሳማ፣ ሱራብ፣ ቱሪ» አለች። ጆሮ ሳሙናውን ብድግ አድርጋ «ይህ ደግሞ ታሙና ነው» አለቻት።

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «አክስቴ ደግሞ፣ ታሙና አይባልም። ታሙና ነው የሚባለው።»

ወንድሟ ግራ ገባው። «ያንኑ እኮ ነው መልሳ ያለችው።»

«ለእሷ ያው አይደለም። ጆሮዋ ልዩነቱን አጥርቶ ይሰማል፤ የራሱ ሕግ ያለው አፏ ነው። አንዱ ሕግ ሳን ታ ያደርጋል፣ ሌላው ሻን ሳ ያደርጋል። ነገሩ ያለው ተራቸው ላይ ነው። መጀመሪያ የሳ ሕግ ሠርቶ ያልፋል፣ ከዚያ የሻ ሕግ ይመጣል። ሻማ ሳማ ሲሆን፣ ሳን የሚለውጠው ሕግ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ስለዚህ የሚነካው የለም።»

«ተራው ቢገለበጥስ?»

«ሻማ ሳማ ይሆናል፣ ሳማም ወዲያው ተይዞ ታማ ይሆናል። ከአፏ አንድም ሳ አትሰማም ነበር። ያኔ እልኸኛ የሚላት ባልኖረ።»

ወንድሟ ልጁን ትክ ብሎ አያት። «ይህንን ማን አስተማራት?»

«ማንም። ተማሪዎቼ እስኪገባቸው ላባቸው ጠብ ይላል፣ ያንተ ልጅ እየተጫወተች ትሠራዋለች።»

ሰውየው ደረቱን ነፋ። የእናቷን ነገር ዳግም አላነሳም።

ጆሮ መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄደች። መምህሯ ወንበር ስባ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻትና «እንግዲህ ምን ላድርግ?» ስትል ጠየቀች።

«ሳሙና በይ አይበሏት። እባብ እንሁን ይበሏትና አብራችሁ ስስስ በሉ። የቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

ከዚያ ወዲያ አክስትና የወንድም ልጅ ምንጣፉ ላይ እባብ ሆነው፣ የሚተነፍስ ጎማ ሆነው ሰነበቱ። መጀመሪያ ሱሪ ተስተካከለ። ቀጥሎ ሳሙና ሳሙና ሆነ። ሻማ ገና ሳማ እንደሆነ ነበር፤ ጆሮ ግን አልተቻኮለችም፣ እሱም ጊዜውን ጠብቆ መጣ። ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አሁን ዝም በይ የምትባል ሆናለች።

በቅርቡ ጆሮ በወንድሟ ሱቅ በኩል ስታልፍ ድምፁን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። ካውያ ሊያሠራ የመጣውን ደንበኛ ይዞ «እህቴ የድምፅ ምሁር ናት» ይለዋል። «የልጅ አፍ ሕግ አለው፣ ሕጉም ተራ አለው። መጀመሪያ ሻ ሳ ይሆናል፣ ከዚያ ሳ ታ ይሆናል።»

ገልብጦታል። ደንበኛው ግን ካውያውን ረስቶ እየተደነቀ ያዳምጣል። ጆሮ የተማሪዎቿን እንዲህ ያለ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ነው የምታሰምርበት። የወንድሟን ግን ፈገግ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ዞር ሲል አያት። «ይቺውልህ፣ እሷው ናት» አለና የራሱን ወንበር በእጁ ጠርጎ አቀረበላት።